የአባቴ ሙስበሃ በወንድሜ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው

ደብዳቤው

አሰላሙ ዐለይኩም። ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የ31 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው ጎንደር፣ አዲስ ዓለም፣ ከአባቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። እናታችን ወደ አኺራ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል፤ ወንድሜንም ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደግሁት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። አባታችን ዕድሜያቸውን በሽመና ያሳለፉ፣ አሁን ሰባውን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቷቸው የቀኝ እጃቸው ጣቶች እንደ ልብ አይታዘዙላቸውም፤ አንዳንድ ነገርም መርሳት ጀምረዋል።

አያታችን ከሐጅ ሲመለሱ ያመጡላቸው ባለ 99 ፍሬ የእንጨት ሙስበሃ (በክር የተሰካ መቁጠሪያ) አላቸው። ከሱብሒ በኋላ ፀሐይ እስክትወጣ፣ ከመግሪብም እስከ ኢሻ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ዚክር (አላህን በቃል ማውሳት) የሚያደርጉት በእሱ ነው። ወንድሜ አዲስ አበባ ተምሮ ባለፈው ዓመት ተመልሷል። ዲኑን በርትቶ ይማራል፣ ሶላቱን በጀመዓ ይሰግዳል፣ ለዚህም አላህን አመሰግናለሁ። ነገር ግን «ሙስበሃ ቢድዐ (በዲን ላይ የተጨመረ አዲስ ፈጠራ) ነው፣ መልዕክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) አልያዙትም፣ ከመነኮሳት መቁጠሪያ የተቀዳ ነው» እያለ አባቴን ደጋግሞ ይናገራቸው ጀመር። ከአንድ ወር በፊት አባቴ ትኩሳት የያዘው የጎረቤት ሕፃን አንገት ላይ ሙስበሃቸውን አድርገው ዱዓ ሲያደርጉለት አይቶ በጣም ተቆጣ። በማግስቱ ሙስበሃው ጠፋ። ልብስ ሳስቀምጥ በወንድሜ ቁም ሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ስጠይቀው «ለአኺራቸው ብዬ ነው፤ ቀስ እያሉ ይረሱታል» አለኝ።

አባቴ ግን አልረሱትም። በየቀኑ ከመደቡ ሥር፣ ከመስገጃው ሥር ይፈልጋሉ። «የት እንዳኖርሁት ጠፋኝ፤ ጭንቅላቴ አለቀ» ይላሉ፤ እኔም ዝም እላለሁ። አውጥቼ ብሰጣቸው ከወንድሜ ጋር ልንቆራረጥ ነው፤ ዝም ብል አባቴን ማታለሌ ነው። ወንድሜ ትክክል ከሆነስ? እኔ ራሴም ተስቢህ («ሱብሃነላህ» እያሉ አላህን ማወደስ) የማደርገው ስልኬ ላይ ባለ መቁጠሪያ ሲሆን አንዳንድ ጊዜ ቁጥሩ ሞልቶ ምን እንዳልሁ አላስታውስም። ረመዳን እየቀረበ ነው። ምን ላድርግ?

እህታችሁ ነኝ፣ ከጎንደር

መልሱ

ወዐለይኪ ሰላም ወረሕመቱላህ፣ እህቴ። በደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ሙስበሃ የሚነሱ ብዙ ጥያቄዎች አሉ፤ ሁሉንም በየተራ እመጣባቸዋለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ግን «ጭንቅላቴ አለቀ» በሚለው የአባትሽ ቃል ላይ መቆም እፈልጋለሁ። አንድ የታመመ አዛውንት በእጃቸው የነበረውን ነገር ያጡት በራሳቸው መርሳት እንደሆነ አምነው በየቀኑ ራሳቸውን እየወቀሱ ነው፤ እውነቱ ግን እሳቸው አልረሱም፣ ዕቃው ተወስዶባቸዋል። ስትሮክ ያገኘው ሰው ቀድሞውንም በአእምሮውና በአካሉ ላይ ያለው እምነት የተናጋ ስለሆነ ይህ ጥርጣሬ በየቀኑ ሲደጋገም የሚያደርሰው ጉዳት ሙስበሃውን ከማጣት የሚብስ ይመስለኛል። ስለዚህ የዲኑ ክርክር እስኪፈታ ድረስ ሊጠብቅ የማይገባው አንድ ነገር አለ፤ እሱም አባትሽ የረሱት ነገር እንደሌለ ማወቃቸው ነው።

ዛሬውኑ፣ ቢዘገይ ነገ፣ አጠገባቸው ተቀምጠሽ «አባዬ፣ ሙስበሃዎ አልጠፋም፤ እርስዎም አልረሱትም። ቤት ውስጥ በደህና ተቀምጧል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ እጅዎ ይገባል» በያቸው። ማን እንዳነሣው ቢጠይቁሽ መዋሸት የለብሽም፣ ወንድምሽንም ማሳጣት የለብሽም፤ «ሁለታችንም ልጆችዎ አብረን ቀርበን እንነግርዎታለን» ማለት ይበቃል። ምናልባት ሙስበሃውን በድብቅ አውጥተሽ ከመደባቸው ሥር አስቀምጠሽ ራሳቸው እንዲያገኙት ማድረግን አስበሽ ይሆናል። ጠቡን የሚያስቀር ይመስላል፤ ነገር ግን አሥር ጊዜ የፈተሹት ቦታ ላይ ሲያገኙት ስለ አእምሯቸው የፈሩት ሁሉ እውነት ሆኖ ይታያቸዋልና እባክሽ ይህን አታድርጊ።

አሁን ወንድምሽ ትክክል ይሆን ወይ ወደሚለው ጥያቄሽ ልምጣ። እኔ ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ ዑለማው የተናገሩትንና በመጻሕፍት የሚገኘውን ብቻ ነው የማቀርብልሽ። ወንድምሽ ከባዶ ተነሥቶ አልተናገረም። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) መልዕክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) ተስቢህን በእጃቸው ሲቆጥሩ ማየቱን ሐዲስ ሰብሳቢዎቹ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ዩሰይራ የተባለችው ሶሐቢያ (የመልዕክተኛው ባልደረባ) ደግሞ መልዕክተኛው ሴቶችን ተስቢህና ተህሊል («ላ ኢላሃ ኢለላህ» ማለት) እንዲያዘወትሩ፣ በጣቶቻቸውም እንዲቆጥሩ ማዘዛቸውን፣ ጣቶች በቂያማ ቀን ተጠይቀው እንደሚናገሩም መግለጻቸውን አስተላልፋለች። በጣት መቁጠር እንደሚበልጥ ብዙዎቹ ዑለማ ይስማማሉ። ኢብኑ መስዑድም (ረ.ዐ.) በኩፋ መስጂድ ክብ ሠርተው በጠጠር ሲቆጥሩ ያገኛቸውን ሰዎች መገሠጹ በዳሪሚ የሐዲስ መጽሐፍ ተዘግቧል፤ ወንድምሽ ይህን ሳይሰማ አልቀረም። ይሁንና በዚያ ዘገባ ውስጥ አንዱ መሐል ሆኖ «መቶ ጊዜ ተክቢራ በሉ» እያለ ሲያዝዝ ሌሎቹ ይከተሉት ስለነበር ተግሣጹ የወረደው በጠጠሩ ላይ ሳይሆን በዚያ በተደራጀ አኳኋን ላይ ነው ያሉ ዑለማ አሉ።

በሌላው ወገን ደግሞ ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ከመልዕክተኛው ጋር አንዲት ሴት ዘንድ ገብተው የቴምር ፍሬ ወይም ጠጠር ከፊቷ አድርጋ ስትቆጥር እንዳገኟት አስተላልፏል፤ መልዕክተኛውም «ከዚህ የሚቀልልሽን ልንገርሽ?» ብለው ሌላ ዚክር አስተማሯት እንጂ ፍሬውን ጣይ አላሏትም። የምእመናን እናት፣ የመልዕክተኛው ባለቤት ሶፊያ (ረ.ዐ.) በ4000 የቴምር ፍሬ ትቆጥር እንደነበር ቲርሚዚ የዘገበው ሲሆን በሰነዱ (በዘጋቢዎቹ ሰንሰለት) ደካማነት ላይ የተናገሩ አሉ። በክር የተሰካው ሙስበሃ ከዚህ በኋላ የተስፋፋ ነው። በ298 ዓመተ ሂጅራ (ዓ.ሂ.) ያረፉት የሱፊ ሊቅ ጁነይድ አል-ባግዳዲ ሙስበሃ ይዘው ታይተው «እርስዎ በዚህ ደረጃዎ ሙስበሃ ይይዛሉ?» ሲባሉ ወደ ጌታቸው የደረሱበትን መንገድ እንደማይለዩት መመለሳቸው ይተረካል። በ911 ዓ.ሂ. ያረፉት ኢማም ሱዩጢም ስለ ሙስበሃ ራሱን የቻለ አጭር ጽሑፍ ጽፈው መፈቀዱን ደግፈዋል።

ምናልባት ወንድምሽን የበለጠ የሚያሳስበው ግን የኢብኑ ተይሚያ ቃል ነው። እኚህ ሊቅ በጣት መቁጠር ሱና (የመልዕክተኛው ፈለግ) መሆኑን፣ በጠጠርና በቴምር ፍሬ መቁጠርም መልካም መሆኑን ከተናገሩ በኋላ በክር ስለተሰካው ሲጽፉ የጠሉትም ያልጠሉትም እንዳሉ፣ ኒያው (የልብ ሐሳቡ) ካማረ ግን መልካም እንጂ የሚጠላ እንዳልሆነ ገልጸዋል። የነቀፉት ያለ ጉዳይ አንገት ላይ ማንጠልጠሉንና እንደ አምባር ማድረጉን ነው፤ ይህ ለታይታ ይሆናል ብለው ሰግተዋል። በቅርቡ ዘመን ሼህ አልባኒ ቢድዐ ነው ብለዋል፤ ሼህ ኢብኑ ባዝና ሼህ ኢብኑ ዑሰይሚን ግን ጣት ይበልጣል ብለው ሙስበሃን አልከለከሉም። እንግዲህ አስተውይ፤ ወንድምሽ ከሚያከብራቸው ሊቃውንት መካከል እንኳን በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል የለም። እንዲህ ባለው ጉዳይ ሰው የመረጠውን ለራሱ መያዝ ይችላል፤ ከሌላው እጅ ላይ መንጠቅ ግን፣ ያውም ከአባት እጅ፣ መብቱ አይመስለኝም።

«ከመነኮሳት የተቀዳ ነው» ላለው ነገር፣ ጎንደር ውስጥ መቁጠሪያ የያዘ መነኩሴ በየመንገዱ ስለሚታይ ሐሳቡ ለምን እንደመጣበት ይገባኛል። በፍሬ መቁጠር በብዙ ሃይማኖቶች ያለ ነገር ነው። ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖች 41 ጊዜ «ኪርያላይሶን» ይሉበታል፤ የአባትሽ 99 ፍሬ ግን የሚቆጥረው መልዕክተኛው ከየሶላቱ በኋላ ያስተማሩትን ነው፤ 33 ጊዜ ሱብሃነላህ፣ 33 ጊዜ አልሐምዱሊላህ፣ 33 ጊዜ አላሁ አክበር፣ መቶኛውንም በ«ላ ኢላሃ ኢለላሁ ወሕደሁ ላ ሸሪከ ለህ» መሙላት ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የጸና ነው። ቆጠራው ከሱና የመጣ ከሆነ የሚቆጠርበት ዕቃ መሣሪያ ብቻ ነው። በተለይ ደግሞ አንድ አንጓ ከአንድ አንጓ መለየት ላቃተው የቀኝ እጅ «በጣት ቁጠር» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ወንድምሽ ቆም ብሎ ቢያስበው እወዳለሁ። አባትሽ ሱናውን ንቀው ሙስበሃ አልያዙም፤ ጣቶቻቸው ዛሬ ሱናውን ለመፈጸም አቅም የላቸውም።

ሆኖም ለወንድምሽ ሐቁን ልስጠው። የሕፃኑ አንገት ላይ ሙስበሃ ማድረጉ ከመቁጠር የተለየ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ ያደረበት ስጋት መሠረት አለው። ፍሬዎቹ ራሳቸው በሽታ ይመልሳሉ የሚል እምነት ውስጥ ከተገባ ዕቃው መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ ክታብ ይሆናልና ይህን የሚቃወሙት የአንድ ወገን ዑለማ ብቻ አይደሉም። አባትሽ እንዲህ አስበው ይሁን፣ ወይስ እጃቸው ላይ የነበረውን በፍቅር አኑረውበት ይሁን አላውቅም፤ አንቺም በእርጋታ ሳትጠይቂያቸው ማወቅ አትችዪም። መልዕክተኛው በሽተኛ ሲጠይቁ በቀኝ እጃቸው እየዳበሱ «የሰዎች ጌታ ሆይ፣ ሕመሙን አስወግድ፤ አንተ ፈዋሽ ነህና ፈውስ» የሚል ዱዓ ያደርጉ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ዘግበዋል። ይህን ለአባትሽ ብታስታውሻቸው የጎረቤት ልጅ ሲያመጡላቸው በእጃቸው እየዳበሱ በዚህ ዱዓ ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ እጃቸው ደከም ቢልም ለዚህ አያንስም። ወንድምሽም የተናገረው ነገር አንዱ ክፍል እንደተሰማለት ያያል፤ ይህን ማየቱ ደግሞ ለሌላው ክፍል ልቡን ይከፍታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከወንድምሽ ጋር መነጋገሩ ያስፈራሽ ይመስላል። ምን እንደሆነ ራስሽን ጠይቂው፤ የምትፈሪው ቁጣውን ነው፣ ወይስ ያሳደግሽው ልጅ ከአንቺ እየራቀ መሆኑን? ሁለተኛው ከሆነ ንግግሩን ከሙስበሃው ሳይሆን ከዚያ ጀምሪ። አባታችሁ በሌሉበት፣ ጓደኞቹም በማይሰሙበት፣ ከዐስር ሶላት ሲመለስ መንገድ ላይ ጠብቀሽ እየተራመዳችሁ ብታነሺለት ይሻላል፤ ፊት ለፊት ተፋጥጦ ከመቀመጥ ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ለብዙ ወንዶች ይቀልላቸዋል። መጀመሪያ የሚፈራው ምን እንደሆነ ጠይቂው። «ለአኺራቸው ብዬ ነው» ማለቱን አታቃልዪበት፤ አባቱ በአላህ ፊት እንዳይጠየቁበት የሚጨነቅ ልጅ ነው፤ ችግሩ ያለው ፍቅሩን በገለጸበት መንገድ ላይ ነው። ከዚያም አባታችሁ ከመደብ ሥር ምን ያህል እንደሚፈልጉ፣ ስለ ጭንቅላታቸው ምን እንደሚሉ ንገሪው። ይህን በውል የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ቢያውቅ ኖሮ «ይረሱታል» ብሎ ተስፋ አያደርግም ነበር።

ከሊቃውንት ክርክር ይልቅ ልቡን የሚነካው ይመስለኛል ብዬ የማስበው በሱረቱ መርየም ከ42ኛው እስከ 45ኛው አንቀጽ ያለው ነው። ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ጣዖት የሚያመልኩ አባታቸውን ሲመክሩ በእያንዳንዱ አንቀጽ መጀመሪያ፣ አራት ጊዜ፣ «አባቴ ሆይ!» እያሉ ነው የለመኑት። ያ ንግግር ስለ ጣዖት ነበር፤ የእናንተ አባት ግን ሱብሒን ሰግደው አላህን የሚያወሱ ሰው ናቸው። ይህን ለማሸነፊያ እንዳትጠቀሚበት ግን አደራ እልሻለሁ፤ አብራችሁ አንብቡት፣ ከዚያ እሱ ይናገር።

በመጨረሻ የምትጠይቂው አንድ ነገር ይሁን፤ ሙስበሃውን በገዛ እጁ ለአባቱ እንዲመልስ። አንቺ ከመለስሽው እሱ የተጋለጠ ሌባ ሆኖ ይቀራል፤ እሱ ከመለሰው ግን «አባዬ፣ ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ለእርስዎ ፈርቼ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» ለማለት በር ያገኛል። ለማሰብ ሦስትና አራት ቀን ስጪው፤ ቀኑንም በግልጽ ንገሪው። ቀኑ ካለፈና እምቢ ካለ ግን አስቀድመሽ ነግረሽው፣ እያየ፣ አንቺው አውጥተሽ ለባለቤቱ ስጪ። ያኔ ቢቆጣ፣ ሁለት ሳምንት ባያናግርሽ እንኳ፣ ይህ የሚታለፍ ኩርፊያ ነው። ሙስበሃው የአባትሽ ንብረት፣ የአባታቸውም ስጦታ ነው፤ የሰውን ዕቃ ያለ ፈቃዱ መያዝ በየትኛውም ኡስታዝ ዘንድ ክርክር የለውም።

ክርክሩን ለመዝጋት ሦስታችሁም የምታከብሯቸውን ኢማም ወይም ሼህ ቤት ድረስ መጋበዝ ይጠቅማችኋል። አንዱ ወገን የራሱን፣ ሌላው ወገን የራሱን ሰው ቢያመጣ ቤታችሁ የሙግት አደባባይ ይሆናልና ከረመዳን በፊት በአንድ ሰው ተስማሙ። አባትሽም በዚያ ጊዜ ይጠየቁ፤ ሙስበሃው ምናቸው እንደሆነ፣ ምን እንደሚሉበት፣ ከየትኛው ሼህ ዊርድ (በየቀኑ የሚደገም ዚክር) እንደተቀበሉ። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ይህን ሁሉ ጊዜ ስለ እሳቸው ሲወራ የጠየቃቸው የለም። «ሱፊ»፣ «ወሃቢያ» የሚሉትን ስሞች ደግሞ ሁላችሁም ከደጅ አስቀሯቸው፤ አባትና ልጅ በእነዚህ ስሞች መጠራራት ከጀመሩ በኋላ መመለሱ እጅግ ይከብዳል።

አንድ ነገር ከዲኑ ውጭ ላክልበት። ስትሮክ ካገኛቸው በኋላ መርሳት መጀመራቸውን ጽፈሻል፤ የጣቶቻቸውም ነገር እንደዚያው ቀርቷል። ይህን «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም ወደሚከታተላቸው ሐኪም ወስዳችሁ የደም ግፊታቸውን፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና የማስታወስ አቅማቸውን አስመርምሩ፤ ስለ እጅ እንቅስቃሴ ሕክምናም ጠይቁ። ረመዳን ሲቀርብ ደግሞ መድኃኒት የሚወስድ የስትሮክ ታማሚ መጾም ይችል እንደሆነ ሐኪሙ አስቀድሞ ሊወስን ይገባል። ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው ወንድምሽ ቢሆን መልካም ነው፤ ለአባቱ ያለውን ጭንቀት የሚያውልበት የተሻለ ቦታ ይሆንለታል። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ማሳለፉ ለደነዘዘው እጃቸው ይረዳ እንደሆነም ባለሙያውን ጠይቁት።

ስለ ራስሽ ተስቢህ ያነሣሽውን በአንዲት ዐረፍተ ነገር ብታልፊውም እኔ ማለፍ አልፈልግም። ስልክ ላይ ያለው መቁጠሪያም ሆነ ሙስበሃው በዚህ ረገድ ፈተናቸው አንድ ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ግብ ሲሆን ምላስ ይሮጣል፣ ልብ ይቀራል። ስልኩ ላይ ደግሞ መልእክቱ፣ ጥሪው፣ ፎቶው ሁሉ እዚያው ስላለ ፈተናው ይበረታል። መልዕክተኛው ባለቤታቸውን ጁወይሪያን (ረ.ዐ.) ከሱብሒ በኋላ በመስገጃዋ ላይ ትተዋት ወጥተው ረፋድ ላይ ሲመለሱ እዚያው ተቀምጣ አገኟት፤ ከእሷ ከተለዩ በኋላ ሦስት ጊዜ ያሏቸው አራት ቃላት በዚያን ቀን ካለችው ሁሉ ጋር ቢመዘኑ እንደሚበልጡም ነገሯት። «ሱብሃነላሂ ወቢሐምዲሂ፣ ዐደደ ኸልቂሂ፣ ወሪዷ ነፍሲሂ፣ ወዚነተ ዐርሺሂ፣ ወሚዳደ ከሊማቲህ።» ዘገባው በኢማም ሙስሊም የሐዲስ መጽሐፍ ይገኛል። እንደ አንቺ ቤት ለያዘች፣ አባት ለምታስታምም፣ ማልዳ ምድጃ ላይ ለምትቆም ሴት ይህ ትልቅ ማቅለያ ነው። ለአንድ ሳምንት ስልኩን አኑሪና ከሱብሒ በኋላ እነዚህን ቃላት ሦስት ጊዜ፣ ትርጉማቸውን እያሰብሽ በያቸው፤ ከየሶላቱ በኋላ ያለውን 33 ደግሞ በጣቶችሽ ቁጠሪ፤ ያንቺ ጣቶች ይታዘዙሻልና። ቁጥር ቢጠፋብሽ አትጨነቂ፤ ከምታስታውሽው ቀጥዪ።

ወንድምሽ የሰጠሽው መልስ ምን እንደሆነ፣ በተለይም እምቢ ካለ፣ መልሰሽ ጻፊልን፤ ቀጣዩን እርምጃ አብረን እናስብበታለን። ለአባትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ አላህ ጤናቸውን ይመልስላቸው።